ክፍት ምንጭ የመልእክት መተግበሪያ

ክፍት ምንጭ የመልእክት መተግበሪያ የተሠራበት ኮድ ለሕዝብ የተከፈተና ማንኛውም ባለሙያ ሊመረምረው የሚችል የመጻጻፊያ ሶፍትዌር ነው። ከነዚህ መካከል ሲግናል፣ ኤለመንት እና ብራያር ይገኛሉ። የኮዱ ክፍት መሆን ብቻውን መልእክትን ሚስጥር አያደርገውም፤ ነገር ግን መተግበሪያው «አደርጋለሁ» የሚለውን በእርግጥ ማድረጉን ለማጣራት ያስችላል።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ

በዚህ ዘዴ መልእክቱ በላኪው ስልክ ላይ ተመስጥሮ በተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ ይፈታል። መፍቻ ቁልፉ ያለው በተጻጻፊዎቹ ስልኮች ውስጥ ስለሆነ የሚያስተላልፈው ሰርቨር ይዘቱን ማንበብ አይችልም። መልእክቱ በመንገድ ላይ ብቻ ተመስጥሮ ሰርቨሩ ዘንድ የሚፈታ ከሆነ ግን የሰርቨሩ ባለቤት ሊያነበው ይችላል።

የሲግናል ታሪክ

ሲግናል የተገኘው ዊስፐር ሲስተምስ በ2010 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው ሁለት መተግበሪያዎች ነው፤ እነሱም ለጽሑፍ የሚያገለግለው ቴክስትሴኪዩር እና ለጥሪ የሚያገለግለው ሬድፎን ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ተዋህደው ሲግናል ተባሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሞክሲ ማርሊንስፓይክ እና ከዋትስአፕ መሥራቾች አንዱ የሆነው ብራያን አክተን ለትርፍ ያልቆመውን ሲግናል ፋውንዴሽን አቋቋሙ። መነሻ የሆነው 50 ሚሊዮን ዶላር ከአክተን ተገኘ።

ንጽጽር

* ዋትስአፕ፦ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሲግናልን የምስጠራ ሥርዓት በሁሉም መልእክቶች ይጠቀማል፤ የራሱ ኮድ ግን ዝግ ነው።
* ቴሌግራም፦ በኢትዮጵያ በሰፊው ይሠራበታል። የስልኩ መተግበሪያ ኮድ ክፍት፣ የሰርቨሩ ግን ዝግ ነው። ተራ ውይይቶችና ግሩፖች ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመሰጠሩም፤ ይህ ጥበቃ የሚገኘው ሁለት ሰዎች ሚስጥራዊ ውይይት ሲከፍቱ ብቻ ነው።
* ኤለመንት፦ ማትሪክስ በተባለው ሥርዓት ይሠራል፤ አንድ ተቋም የራሱን ሰርቨር ማቆም ይችላል።
* ብራያር፦ ማዕከላዊ ሰርቨር የለውም። ኢንተርኔት ሲጠፋ በቅርብ ያሉ ስልኮችን በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ያገናኛል።

የመምረጫ ነጥቦች

መተግበሪያ ሲመረጥ ምስጠራው ሳይጠየቅ ከመጀመሪያው የሚሠራ መሆኑ፣ የኮዱ ክፍትነት እና ድርጅቱ ስለ ተጠቃሚው የሚያስቀምጠው መረጃ ይታያል። ማን ከማን ጋር መቼ እንደተጻጻፈ የሚገልጽ መረጃ፣ ይዘቱ ባይታወቅም፣ ብዙ ይናገራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፍርድ አካል ስለ ተጠቃሚዎች መረጃ በጠየቀ ጊዜ ሲግናል ሊሰጥ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና መጨረሻ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር።

ውስንነት

በሲግናል ለመመዝገብ ስልክ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ሆኖም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመጠቀሚያ ስም አማካይነት ቁጥርን ሳይሰጡ መጻጻፍ ይቻላል። ምስጠራ የሚጠብቀው መልእክቱን በጉዞው ላይ ነው። ስልኩ ተከፍቶ በሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ ወይም ተቀባዩ ራሱ መልእክቱን ለሌላ ካሳየ፣ የትኛውም መተግበሪያ ሊከላከል አይችልም። ስለዚህ የስልክ መቆለፊያና በጊዜ የሚጠፉ መልእክቶች የምርጫው አካል ናቸው።