በየትኛው በር እንግባ? የ«ዴዝ» ባንድ ሥራዎችና የታሪክ ቅደም ተከተል



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ዴዝ ሜታል ሰምቶ የማያውቅ ሰው «ዴዝ» የተባለውን የፍሎሪዳ ባንድ ከየትኛው አልበም ይጀምር? ጥያቄው የእኛም የታሪክ አጥኚዎች ጥያቄ ነው፤ የገባንበት በር ስለ ቤቱ ያለንን ግምት ይወስነዋልና። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ባንዱን ቸክ ሹልዲነር በ1983 «ማንታስ» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር መሠረተው፤ በ1984 ስሙ «ዴዝ» ሆነ። ከ1987 እስከ 1998 ድረስ ሰባት የስቱዲዮ አልበሞች ወጥተዋል። አባላቱ በየጊዜው ሲለዋወጡ በሰባቱም ላይ የምናገኘው ሹልዲነርን ብቻ ነው።

የጊዜን ቅደም ተከተል የሚያከብር ሰው ከ1987ቱ «ስክሪም ብለዲ ጎር» እንጀምር ይላል። አልበሙ ፈጣንና ጥሬ ነው፤ ግጥሞቹም ከአስፈሪ ፊልሞች ዓለም የተቀዱ ናቸው። ለአዲስ ጆሮ ግን ሁሉም እንደ አንድ ጩኸት ይሰማል። እኔ የምመክረው በ1995 የወጣውን «ሲምቦሊክ» ነው። በታምፓው ሞሪሳውንድ ስቱዲዮ በተቀረጸው በዚህ ሥራ የጊታሩን ዜማ ሰምቶ ማንጎራጎር ይቻላል፤ የጂን ሆግላን የድራም ምትም ተለይቶ ይሰማል። የሹልዲነር ድምፅ እንደ ሻከረ ነው፤ ግጥሞቹ ግን ስለ ጠፋ የልጅነት የዋህነት፣ ስለ ስለላ፣ በሃይማኖት ስም ስለሚደረግ ግብዝነት ያወሳሉ።

ይህ ምርጫዬ ግን አደጋ አለው። ከ«ሲምቦሊክ» ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚመለስ አድማጭ የ1988ቱን «ሌፕረሲ» ለኋለኛው ሥራ የተደረገ ዝግጅት ብቻ አድርጎ ሊሰማው ይችላል። ውጤቱን አውቀን መነሻውን ስንመዝን እኛም የምንሠራው ስሕተት ይኸው ነው። «ሌፕረሲ»ን የሠራው ወጣት ስለ «ሲምቦሊክ» የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ሁለተኛው ማረፊያ የ1991ዱ «ሂውማን» ይሁን። በዚህ አልበም ላይ ጊታሪስቱ ፖል ማስቪዳልና ድራመሩ ሾን ራይነርት፣ ሁለቱም የ«ሲኒክ» ባንድ አባላት፣ እንዲሁም ቤዝ ተጫዋቹ ስቲቭ ዲ ጆርጂዮ ተሳትፈዋል። የጃዝ ፍቅር ያላቸው ሙዚቀኞች ሲገቡ የባንዱ ድምፅ ተለወጠ። ለውጡ ከአንድ ሰው አእምሮ በራሱ የበቀለ ሳይሆን ሰዎች በመገናኘታቸው የመጣ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ከዚያ በኋላ «ሌፕረሲ»ን በራሱ ዘመን ልንሰማው እንችላለን።

የ1998ቱን «ዘ ሳውንድ ኦቭ ፐርሰቪራንስ» ብዙዎች እንደ ኑዛዜ ይሰሙታል። ሹልዲነር ግን በ1999 «ኮንትሮል ዲናይድ» በተባለ ሌላ ባንድ፣ ሌላ ሰው እያዜመ፣ አዲስ አልበም አውጥቷል። በአንጎል ዕጢ ታሞ ታኅሣሥ 13 ቀን 2001 በ34 ዓመቱ ዐረፈ። የ1998ቱን ሥራ ኑዛዜ ያደረገው በኋላ የመጣው ሞት ነው፤ ሲቀረጽ ግን ገና ብዙ ሊሠራ ያሰበ ሰው ሥራ ነበር። ስትሰሙት ይህን እንድታስታውሱልኝ እጠይቃለሁ።