ለዓይን የተረባ ፈረስ፤ የድረሳዥ ፈረሶች ርቢና ሥልጠና በአውሮፓ ታሪክ

በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምረው ያሰብነው ነገር በአውሮፓ «ድረሳዥ» የሚባለው የፈረስ ሥልጠና ከጥንት ጀምሮ ያለፈበትን መንገድ፥ በተለይም በዘመናችን ወጣት ፈረሶች ዓይን ለሚስብ እንቅስቃሴ ሲባል የሚረቡበትንና የሚሠለጥኑበትን ሁኔታ ነው። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጓሜው ማሠልጠን ማለት ነው። ፈረሱ በጋላቢው ጥቂት ምልክት ብቻ እርምጃውን፥ ሶምሶማውንና ግልቢያውን እየለዋወጠ፥ ሚዛኑን ሳይስት እንዲታዘዝ የሚማርበት ጥበብ ነው። በጽሑፋችን የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ጉዳዩ ለአንዳንድ ሰው የሀብታሞች ጨዋታ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ጥያቄው ግን ከዚያ የሰፋ ነው። አንድ እንስሳ ለሥራ ሲረባና ለዕይታ ሲረባ በአካሉ ላይ ምን ለውጥ ይደርሳል? የአርቢውንና የአሠልጣኙን ስሕተት የሚያርመውስ ማን ነው? ይህን ለመመለስ ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ይገባናል።

ስለ ፈረስ ግልቢያ ሙሉ ሆኖ ከደረሱን መጻሕፍት ጥንታዊው የግሪካዊው የክሴኖፎን ነው። ክሴኖፎን በአራተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረ ወታደር ሲሆን፥ ፈረስ ተገድዶ የሚያሳየው እንቅስቃሴ ውበት እንደሌለው፥ ውበት የሚገኘው ፈረሱ በራሱ ፈቃድ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንደ ሆነ አስተምሯል። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1550 የናፖሊው ፌዴሪኮ ግሪዞኔ መጽሐፉን ሲያሳትም ግን ያስተማረው ዘዴ ብዙ ጭካኔ የተቀላቀለበት ነበር። የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 13ኛ መምህር የነበረው አንትዋን ደ ፕሉቪኔል ይህን አለዝቦ ትዕግሥትን ከዘዴው ጋር አዋሐደ። በ1733 መጽሐፉን ያወጣው ፍራንሷ ሮቢሾን ደ ላ ጌሪኒዬር ደግሞ ሥልጠናውን ደረጃ በደረጃ የፈረሱን አካል የሚያጠነክር ትምህርት አደረገው።

የዚህ ትምህርት ወራሽ ሆኖ እስከ ዛሬ የቆየው በቪየና የሚገኘው የስፓኝ የግልቢያ ትምህርት ቤት ነው። ፈረሶቹ ሊፒዛ ከተባለው፥ በ1580 ከተመሠረተው ማራቢያ ስማቸውን ያገኙት ሊፒዛነሮች ናቸው። እነዚህ ፈረሶች ዘግይተው የሚበስሉ ስለ ሆኑ በልምድ የተጠበቀው ደንብ ድንጉላው አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርት እንዲጀምር፥ ሙሉ ትምህርቱንም ለመጨረስ ስድስት ዓመት ያህል እንዲቆይ ነው። ከሃያ ዓመት ዕድሜ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ትርኢት የሚያሳዩ ድንጉሎች መኖራቸው የዚህ ትዕግሥት ፍሬ ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን፥ ማራቢያውና ትምህርት ቤቱ የአንድ ቤተ መንግሥት ንብረት ስለ ነበሩ ፈረሱን ቶሎ አሳይቶ ቶሎ ለመሸጥ የሚያስገድድ ምክንያት አልነበረም።

ለዕይታ ስለሚሠራ ሥልጠና የተነሣው ክርክር የዛሬ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቦሼ በፓሪስ ሰርከስ ውስጥ ፈረሶቹን በአጭር ጊዜ አሠልጥኖ ሕዝቡን የሚያስደንቅ ትርኢት ያሳይ ነበር፤ ወደ ኋላ የሚጋልብ ፈረስ እንኳ ታይቷል። ጀርመናዊው ሉዊ ዜገር ይህን በመቃወም በ1852 ጽሑፍ አወጣ። ከእርሱ የተማረው ጉስታቭ ሽታይንብረኽትም በ1885 እስኪሞት ድረስ ሥልጠና ማለት የፈረሱን አካል እንደ ስፖርተኛ ቀስ በቀስ ማጠንከር ነው፥ ፈረሱም ከኋላ እግሩ ኃይል ተነሥቶ ወደ ፊት መሄድ አለበት እያለ አስተማረ። እርግጥ ነው ቦሼ ራሱ በስተርጅናው ዘዴውን እጅግ አለዝቧል። ክርክሩ ግን በትርኢትና በጥንካሬ መካከል ያለውን ልዩነት ለሚቀጥለው ትውልድ አስተላለፈ።

በዚሁ ዘመን ለፈረስ ትልቁ ገዥ የጦር ሠራዊት ነበር። በፕሩሲያ በ1732 የትራኬነን፥ በሐኖቨር ደግሞ በ1735 የሴሌ ማራቢያ የተቋቋመው መንግሥት ለጦሩ፥ ገበሬውም ለእርሻው ጠንካራ ፈረስ እንዲያገኝ ታስቦ ነው። የጀርመን ሠራዊት ወጣቱን ፈረስ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ገዝቶ መጀመሪያ በመስክ ያቆየው፥ ከዚያም ሁለት ዓመት ያህል ያሠለጥነው ነበር። በ1912 የወጣው የሠራዊቱ የግልቢያ ደንብም ይህንኑ ቀስ ያለ አካሄድ በጽሑፍ አጸና። ሠራዊቱ እንዲህ ያደረገው ለእንስሳው አዝኖ ብቻ አይደለም። እግሩ የተሰበረ ፈረስ ወታደሩን በጦር ሜዳ ጥሎት ይቀራልና ነው። እንግዲህ የአርቢውን ስሕተት የሚያርመው ሥራው ራሱ ነበር ማለት እንችላለን።

ድረሳዥ በ1912 በስቶክሆልም በተደረገው ኦሊምፒክ ሲገባም የመኮንኖች ውድድር ሆኖ ነው። ይህ ልማድ ምን ያህል የጠበቀ እንደ ነበር ለማወቅ የ1948ን ውድድር መጥቀስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ስዊድን በቡድን አሸናፊ ሆና ሳለ፥ ከጋላቢዎቿ አንዱ ጌናል ፔርሶን ሙሉ መኮንን አለመሆኑ ስለ ታወቀ ሜዳሊያዋ ተወሰደባት። በ1952 በሔልሲንኪ ግን በሩ ለሲቪሎችና ለሴቶች ተከፈተ። በፖሊዮ በሽታ እግሮቿ የተጎዱት የዴንማርኳ ሊስ ሃርቴልም የብር ሜዳሊያ አገኘች። ይህ መልካም ለውጥ ነበር። ከወታደሩ ጋር ግን የወታደሩ መለኪያም አብሮ ሄደ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትራክተር የእርሻውን፥ መኪናና ታንክ የጦሩን ፈረስ ተኩት። አርቢዎቹ ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረላቸው፤ ማራባቱን መተው፥ ወይም ለስፖርት ማራባት። በፌርደን ከተማ በ1949 የሐኖቨር ፈረሶች ጨረታ ተጀመረ። በሆላንድም ማረሻና ሠረገላ ይጎትቱ የነበሩት የግሮኒንገንና የጌልደርላንድ ፈረሶች ከሌላ ዘር ጋር እየተዳቀሉ ወደ ስፖርት ፈረስነት ተለወጡ። ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ ሲስፋፋ ደግሞ አንድ ስሙ የተነሣ ድንጉላ በአንድ ዓመት የብዙ መቶ ውርንጭሎች አባት ለመሆን ቻለ። ስለዚህ ገበያው አንድን መልክ ሲወድ፥ ያ መልክ በጥቂት ትውልድ ውስጥ በመላው አውሮፓ ይሠራጫል።

ታዲያ ገበያው የወደደው መልክ ምንድር ነው? ትልቅ ሶምሶማ ነው። የፊት እግሩን ከፍ አድርጎ ወደ ፊት የሚወረውር፥ በየእርምጃው በአየር ላይ የሚንሳፈፍ የሚመስል ወጣት ፈረስ በጨረታ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ዋጋውም ይወጣል። በመልካም ሶምሶማ በሰያፍ የሚነሡት የፊትና የኋላ እግሮች በእኩል ስፋት ይራመዳሉ፤ የፈረሱም ጀርባ እየተወዛወዘ ጉልበቱን ከኋላ ወደ ፊት ያስተላልፋል። የፊት እግር ብቻ ከፍ ብሎ የኋላው ሲጎተት ግን ጀርባው ደንድኗል ማለት ነው። ጀርመናዊው የእንስሳት ሐኪም ጌርድ ሆይሽማን በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ ሰው እንዲያስተውል የፈለገው ይህንን ልዩነት ነበር፤ ይኸውም በጀርባው የሚሄድ ፈረስና በእግሩ ብቻ የሚሄድ ፈረስ አንድ አለመሆናቸውን ነው።

የዕድሜው ነገር ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስብ ነው። የፈረስ አጥንት ዕድገት ከታች ወደ ላይ ይበስላል። ከሰኮና አጠገብ ያሉት አጥንቶች በመጀመሪያው ዓመት ዕድገታቸውን ሲያቆሙ፥ ከፊት ጉልበቱ በላይ ያለው ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ጋላቢውን የሚሸከመው የጀርባ አከርካሪ ግን ዕድገቱን የሚጨርሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የገበያው ቀጠሮ ከዚህ ጋር አይስማማም። በጀርመን ድንጉሎች ለዘር የሚመረጡት ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናቸው ነው። በሦስት ዓመታቸው ኮርቻ ተጭነው በጨረታ ይቀርባሉ፤ በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ለዓለም ሻምፒዮና ይወዳደራሉ። በዚህ ሻምፒዮና ከሚሰጡት አምስት ነጥቦች ሦስቱ የሚሰጡት ለእርምጃ፥ ለሶምሶማና ለግልቢያ ነው። በ2016 የሰባት ዓመት ፈረሶች ውድድር መጨመሩ ጊዜ ለሚፈልጉ ፈረሶች የተሻለ ዕድል ሰጥቷል፤ የፊተኞቹ ውድድሮች ግን እንደ ነበሩ ናቸው።

የእንስሳት ሐኪሞች በድረሳዥ ፈረሶች ላይ ደጋግመው የሚያገኙት ጉዳት የኋላ እግርን ቁርጭምጭሚት ደግፎ የሚይዘው ጅማት መጎዳት ነው። መገጣጠሚያው እጅግ ልል የሆነ ፈረስ እግሩ መሬት ሲረግጥ ቁርጭምጭሚቱ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ተመልካቹ ይህን እንደ ምቾት ሲያየው ሸክሙን የሚቀበለው ጅማቱ ነው። የወጣቱ ጡንቻ ገና ሳይጠነክር የተፈጥሮ ስጦታው ሁሉ በየቀኑ ቢጠየቅ፥ የሚከፍለው ይኸው ጅማት ይሆናል።

በዚህ ረገድ ስለ ዘር የተደረገው ምርመራ ብዙ ያስተምረናል። በእነዚህ ዘሮች ውስጥ የሥጋና የቆዳ ማያያዣ የሆነውን ኮላጅን የሚያዳክም አንድ የዘር ጉድለት ይገኛል። ውርንጭላው ጉድለቱን ከአባቱም ከእናቱም ከወረሰ ቆዳው ይቀደዳል፥ መገጣጠሚያው ከልክ በላይ ይላላል፤ ወይ ሳይወለድ ይጨነግፋል፥ ወይ እንደ ተወለደ ይሞታል። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ግን ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ከመቶ ፈረስ አሥር ያህሉ ይህን ተሸካሚዎች ናቸው። ጉዳዩ በ2018 በሰፊው ከታወቀ ወዲህ ብዙ የዘር ማኅበራት የድንጉሎችን ምርመራ ግዴታ አድርገዋል። በ2022 በስዊድን ፈረሶች ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ ተሸካሚዎቹ በእንቅስቃሴ ከሌሎቹ የበለጠ ነጥብ ማግኘታቸውን ገልጿል። ይህ ተሸካሚ ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን አርቢዎቹ ለዓመታት ውበትን ሲመርጡ ሳያውቁት የሞትን ዘር አብረው መርጠው ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

ከርቢው ቀጥሎ ሥልጠናው ይነሣል። የፈረሱን አንገት በዛብ ጎትቶ አገጩን ከደረቱ እስኪያስጠጋ የማጉበጥ ዘዴ ከፍተኛ ክርክር ካስነሣ በኋላ፥ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በየካቲት 2010 በኃይል የሚደረገውን ከልክሏል። በዚሁ ዘመን የሆላንዱ ድንጉላ ቶቲላስ በ2009 በሎንዶን በሙዚቃ ግልቢያ 92.30 ከመቶ አግኝቶ በዓለም ላይ ዝናው ገነነ፤ በ2010 በኬንታኪም ሦስት የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። አንዳንዱ አዲስ የውበት ዘመን መጣ ሲል፥ ሌላው የፊት እግሩ ከኋላው ጋር አይስማማም ብሎ ተከራከረ። ወደ ጀርመን ከተሸጠ በኋላ ሕመም ደጋግሞ ከውድድር አስቀርቶታል፤ በ2015 በአኽን ከተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና በኋላም ተሰናበተ። የአንድን ፈረስ ሕመም ለአንድ ምክንያት መስጠት አይቻልም፤ እኛም አንሰጥም። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ ገበያው የእርሱን መልክ በሦስት ዓመት ፈረስ ላይ መፈለጉ የታወቀ ነው።

በዚህ ላይ አርቢዎቹ የሚሰጡትን መልስ መስማት ይገባል። የዛሬው ፈረስ ከአያቶቹ ይልቅ ቀላል፥ ታዛዥና ለሥልጠና የተመቸ ነው፤ ትልቁ እንቅስቃሴም ከተፈጥሮው የመጣ እንጂ በግድ የተጫነበት አይደለም ይላሉ። ይህ በብዙ በኩል እውነት ነው። የድሮውም ዘመን ንጹሕ አልነበረም፤ ከግሪዞኔ ልጓም ጀምሮ በጦር ሜዳ እስካለቁት ፈረሶች ድረስ ታሪኩ ብዙ ሥቃይ አለበት። ስለዚህ ወደ ኋላ እንመለስ የሚል አሳብ የለንም።

ከታሪኩ ያገኘነው ትምህርት ሌላ ነው። በሠራዊቱ ዘመን ፈረሱን የሚመዝነው ዓመታት የሚፈጅ አገልግሎቱ ነበር። ዛሬ ግን ዋጋው የሚቆረጠው፥ ዘሩም የሚሠራጨው እግሩና ጀርባው ሳይፈተኑ ነው። ጅማቱ በስምንት ዓመቱ ቢበጠስ ሻጩ ገንዘቡን ከወሰደ ቆይቷል፤ ልጆቹም በየአገሩ ተወልደዋል። ስሕተቱን የሚያርም ሥራ ስለ ጠፋ፥ በእርሱ ምትክ ሰው ሆን ብሎ ደንብ ማቆም አለበት ማለት ነው። ድንጉላው ለዘር ሲመረጥ የወላጆቹ የአገልግሎት ዘመን ቢቈጠር፥ የሦስት ዓመት ፈረስ ውድድር ቢቀር፥ ዳኛውም ከፊት እግሩ በፊት ጀርባውን ቢመለከት የቪየናው ትዕግሥት በከፊል ይመለሳል ብለን እናምናለን።

የአገራችን ሰው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል። ከፈረስ የሚፈለገው ማድረሱ ነው። በሦስት ዓመቱ አጨብጭበንለት በስምንት ዓመቱ የሚያነክሰው ፈረስ ግን የትም አላደረሰም፤ ጥፋቱም የእርሱ ሳይሆን የመረጠው ዓይን ነው።