«ተበላሽቷል» የተባለው ቢራ

ቢራ ከፍታችሁ ስትቀምሱት ቢኮመጥጥ ምን ታደርጋላችሁ? አስተናጋጁን ጠርታችሁ «ይሄ ተበላሽቷል፣ ቀይርልን» ትላላችሁ፡፡ አስተናጋጁም ብዙ ሳይከራከር ይቀይርላችኋል፤ ቢራ መኮምጠጥ እንደሌለበት እናንተም እሱም ታውቃላችሁና፡፡ ግን ይህ «እውቀት» ከመቼ ወዲህ የመጣ ነው? ማንስ አስተማረን?

እንዲህ የሚያስጠይቅ አንድ ቢራ አለ፡፡ በቤልጅየም፣ በምዕራብ ፍላንደርስ፣ ሩሰላረ በምትባል ከተማ ይጠመቃል፡፡ ስሙ ሮደንባህ ነው፡፡ ይህ ቢራ ታስቦበትና ወጪ ወጥቶበት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በእንጨት በርሜል ተቀምጦ ነው የሚኮመጥጠው፡፡ ታሪኩን ስከታተል ነገሩ ከቢራም አለፈብኝ፡፡ አንድ ጣዕም እንዴት እንደሚሞትና አንዳንዴም እንዴት ከሞት እንደሚተርፍ የሚያሳይ ሆኖ አገኘሁት፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

መጀመሪያ ጣዕሙ

ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ቀለሙ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው፡፡ አፍንጫ ሲጠጋው የበሰለ ፕሪምና ቼሪ፣ ከዚያ እርጥብ እንጨት፣ ከኋላ ደግሞ ስስ የኮምጣጤ ሽታ ይመጣል፡፡ የመጀመሪያው ጉንጭ መንጋጋን ያዝ ያደርጋል፤ አፍ ምራቅ ይሞላል፤ ዓይን ያስጨፍናል፡፡ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ብርጭቆውን ያስቀምጣል፡፡ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ግን ምላስ ይለምደዋል፤ ከኮምጣጣው ሥር የብቅሉ ጣፋጭነት ብቅ ይላል፡፡ የለመድነው የቢራ ምሬት የለም ማለት ይቻላል፡፡

የሚገርመው ታዲያ ቼሪም ፕሪምም አልገባበትም፡፡ የገባው የገብስ ብቅል፣ በቆሎ፣ ውሃ እና ሆፕስ ነው፡፡ ሆፕስ ማለት ለጠላ ጌሾ የሚሠራውን ሥራ ለቢራ የሚሠራው ተክል ነው፤ እሱም እዚህ በጥቂቱ ነው የሚገባው፡፡ ምስጢሩ ያለው እርሾው ላይ ነው፡፡ አብዛኛው የፋብሪካ ቢራ የሚጠመቀው ተነጥሎ በጸዳ አንድ ዓይነት እርሾ ነው፡፡ የሮደንባህ ግን ቅይጥ ነው፤ ከእርሾው ጋር ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አብረው ይኖራሉ፡፡ እርጎን እርጎ የሚያደርጉት፣ የእንጀራ ሊጥንም የሚያኮመጥጡት የእነዚሁ ዘመዶች ናቸው፡፡ ስለዚህ እንጀራ ለሚበላ ምላስ ነገሩ ያን ያህል ባዕድ አይደለም፡፡

ቢራው ለጥቂት ሳምንታት ከተብላላ በኋላ ከፊሉ ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ወደተሠሩ ትልልቅ በርሜሎች ይገለበጣል፡፡ ፋብሪካው 294 እንዲህ ያሉ በርሜሎች አሉት፡፡ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ከሰው ቁመት በብዙ የሚረዝሙ፣ ትልልቆቹ ወደ 65 ሺህ ሊትር የሚይዙ ናቸው፡፡ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ወደ 150 ዓመት ይጠጋል፡፡ እንጨት ደግሞ በስሱም ቢሆን አየር ያስገባል፡፡ ባክቴሪያዎቹና በእንጨቱ ውስጥ የሰፈሩ ሌሎች የእርሾ ዓይነቶች የተረፈውን ስኳር ቀስ እያሉ ይበላሉ፤ አሲድ ይሠራሉ፡፡ አሲዱ ከአልኮሉ ጋር ሲዋሃድ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸት ነገር ይፈጠራል፡፡ ያ ያልገባው ፍሬ ከዚህ ነው የመጣው፡፡

ሁለት ዓመት የሞላው ቢራ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው አይጠጣም፤ በጣም ይኮመጥጣል፡፡ ከወጣቱ ጋር ይደባለቃል፡፡ በመደበኛው ሮደንባህ ሦስት እጁ ወጣት፣ አንድ እጁ ያረጀ ነው፡፡ ግራን ክሩ የሚባለው ደግሞ ሁለት እጁ ያረጀ፣ አንድ እጁ ወጣት ነው፡፡ ከወጣቱ ጣፋጭነት፣ ከአሮጌው ጥልቀት ይመጣል፡፡ የዚህ ፋብሪካ ትልቁ ሙያ መደባለቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ የትኛው በርሜል ደረሰ? የትኛው ይቆይ? ይህን የሚወስነው የቀማሽ ምላስ ነው፡፡

ዓይነ ስውሩ አብዮተኛና የለንደን ጎርፍ

የሮደንባህ ቤተሰብ ዘሩ ከጀርመን፣ ከራይን ወንዝ ዳር ከአንደርናህ ከተማ ነው፡፡ በ1821 አራት የዚህ ቤተሰብ አባላት ገንዘብ አዋጥተው ሩሰላረ ውስጥ አንዲት ትንሽ መጥመቂያ ገዙ፡፡ ከመካከላቸው አሌክሳንደር ሮደንባህ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር፡፡ ይህ ግን አላገደውም፡፡ ስለ ዓይነ ስውራንና መስማት ስለተሳናቸው ሰዎች ትምህርት ጽፏል፡፡ በ1830 ቤልጅየም ከኔዘርላንድስ ስትላቀቅም ከአብዮቱ ሰዎች አንዱ ነበር፤ የአዲሲቷ አገር ሕገ መንግሥት የወጣበት ብሔራዊ ጉባኤም አባል ሆኗል፡፡ ወንድሙ ኮንስታንቲን ደግሞ የኔዘርላንድስ ንጉሣዊ ቤተሰብ በቤልጅየም ለዘለዓለም ሥልጣን እንዳይዝ ለዚያው ጉባኤ ሐሳብ ያቀረበው ሰው ነው፡፡ ቢራ የሚጠምቅ፣ መንግሥት የሚገለብጥ ቤተሰብ እንበለው?

በ1836 ሌላው ወንድም ፔድሮ ከሚስቱ ከሬጂና ዋውተርስ ጋር መጥመቂያውን ጠቅልሎ ገዛው፡፡ ዛሬ የምናውቀው ጣዕም ግን የልጅ ልጃቸው የዩጂን ሥራ እንደሆነ የፋብሪካው የራሱ ታሪክ ይናገራል፡፡ ዩጂን በ1870ዎቹ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ቢራን በእንጨት ማቆየትና አሮጌን ከወጣት መደባለቅ ተማረ፡፡

እዚህ ላይ ወደ ለንደን መሻገር ግድ ይላል፡፡ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ሠራተኛ የሚጠጣው ፖርተር የሚባል ጥቁር ቢራ ነበር፡፡ ጠማቂዎቹ ፖርተርን በግዙፍ የእንጨት በርሜሎች ለወራት ያስቀምጡት ነበር፤ ሲቆይ ኮምጠጥ ይላል፤ ጠጪውም ወዶት ይከፍልበታል፡፡ የበርሜሎቹ ግዝፈት የጠማቂዎቹ የፉክክር መለኪያ ሆነ፡፡ ፉክክሩ ምን እንዳስከተለ ጥቅምት 17 ቀን 1814 ታየ፡፡ ቶተንሃም ኮርት መንገድ አጠገብ በነበረው የሆርስ ሹ መጥመቂያ ከግማሽ ሚሊዮን ሊትር በላይ የያዘ በርሜል ፈነዳ፡፡ ሌሎችንም ሰብሮ ሴንት ጃይልስ ወደሚባለው የድሆች መንደር ጎረፈ፡፡ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ሟቾቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፡፡ ገሚሶቹ ምድር ቤት ውስጥ ለሞተ ሕፃን ለቅሶ ተቀምጠው ነበር፡፡ ፍርዱ «ድንገተኛ አደጋ» የሚል ሆነ፡፡

ቀስ በቀስ የእንግሊዝ ጠጪ ፊቱን ወደ ትኩስ፣ ወዳልቆየ ቢራ አዞረ፡፡ ለጠማቂውም ይህ ይመቸዋል፡፡ ቢራ በርሜል ውስጥ ሲቀመጥ የተቀመጠው ገንዘብ ነውና፡፡ እንግሊዝ እየተወችው የነበረውን ነገር ነው እንግዲህ ዩጂን ይዞ ወደ ሩሰላረ የተመለሰው፡፡

ሳይንስ «በሽታ» ሲለው

ሌላኛው ፈተና ከቤተ ሙከራ መጣ፡፡ ሉዊ ፓስተር በ1876 ስለ ቢራ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፡፡ ፈረንሳይ በ1870–71 ጦርነት በጀርመን ተሸንፋ ስለነበር፣ ሰውዬው በቢራ ጥራት ጀርመንን መብለጥ እንደ ብሔራዊ ብድር መመለስ ነበር የቆጠረው፡፡ በመጽሐፉ ቢራን የሚያኮመጥጡትን ጥቃቅን ሕዋሳት የቢራ «በሽታ» አምጪ አድርጎ አስቀመጣቸው፡፡ በ1883 ደግሞ በኮፐንሃገን፣ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንድ ሕዋስ የተራባ ንጹሕ እርሾ ሠራ፡፡ ማቀዝቀዣ ማሽንም በዚያው ዘመን ወደ መጥመቂያዎች ገባ፡፡ ከዚህ በኋላ ዛሬም ነገም፣ እዚህም እዚያም አንድ ዓይነት ጣዕም ያለው ጥርት ያለ ቢራ መሥራት ተቻለ፡፡ በየሱቁ የምናገኘው ቢራ የዚያ ዘመን ልጅ ነው፡፡ መጀመሪያ ላይ ላነሳሁት ጥያቄም መልሱ ያለው እዚሁ ነው፡፡ «ቢራ አይኮመጥጥም» የሚለው ሕግ እንዲህ ሥር የሰደደው በእነዚያ ጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ነው፡፡

ሳይንሱን መስደቤ እንዳይመስላችሁ፡፡ ብዙ ቢራ ከመደፋት ድኗል፤ ፓስተርም የጻፈው እውነት ነበር፡፡ ችግሩ «በሽታ» የሚለው ቃል ጅምላ መሆኑ ነው፤ ሳይታሰብ የተበላሸውንና ታስቦበት የኮመጠጠውን አይለይም፡፡ በ1904 እዚያው ካርልስበርግ ውስጥ ንኤልስ ክላውሰን የተባለ ሰው የድሮዎቹን የእንግሊዝ ቢራዎች ልዩ ጣዕም የሚሰጣቸው ራሱን የቻለ የእርሾ ዓይነት መሆኑን አስታወቀ፡፡ ስሙንም ብሬታኖማይሲስ አለው፤ «የብሪታንያ ፈንገስ» እንደማለት ነው፡፡ ስሙ ሲወጣለት ግን ብሪታንያ ራሷ ቢራን ለረጅም ጊዜ ማቆየቱን ትታው ነበር ማለት ይቻላል፡፡ የሩሰላረ በርሜሎች ግን ያንኑ ፈንገስ ተሸክመው ቀጠሉ፡፡

ከዚያ ጦርነት መጣ፡፡ ሩሰላረ ከጥቅምት 1914 እስከ ጥቅምት 1918 በጀርመን ጦር ሥር ነበረች፡፡ በተያዘው የቤልጅየም ክፍል ወራሪው ለጥይት መሥሪያ የሚሆን መዳብ ከየመጥመቂያው ነቅሎ ወሰደ፡፡ ብዙ ትናንሽ ጠማቂዎች ከዚያ በኋላ አልተነሱም፡፡

እርሾ መበዳደር

በ1977 ማይክል ጃክሰን (ዘፋኙ አይደለም፤ በ2007 ያረፈው እንግሊዛዊ የቢራ ጸሐፊ ነው) የዓለምን ቢራዎች በየዓይነታቸው ለይቶ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፡፡ የፍላንደርስ ኮምጣጣ ቢራ ከአካባቢው ውጭ ስሙ እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች ቀዳሚው እሱ ነው፡፡ በ1996 ደግሞ ሮደንባህ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፔተር ቡካርት ወደ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ተሻግሮ ኒው ቤልጅየም የተባለ መጥመቂያ ገባ፤ እዚያም በእንጨት በርሜል የቆየ ኮምጣጣ ቢራ መሥራት ጀመረ፡፡ ስሙን ላ ፎሊ አሉት፤ በፈረንሳይኛ «እብደት» ማለት ነው፡፡ ዛሬ «በፍላንደርስ ዘይቤ» የሚል ጽሑፍ በአሜሪካ ጠርሙሶች ላይ ብታዩ ከዚህ መንገድ ጋር ሳይዛመድ አይቀርም፡፡

በ1998 የሮደንባህ መጥመቂያ ፓልም ለተባለው ሌላ የቤልጅየም ጠማቂ ተሸጠ፡፡ ገዢው ገንዘብ አፍስሶ ፋብሪካውን አደሰ፤ በርሜሎቹንም ጠበቀ፡፡ ይህ ሊመሰገን ይገባል፡፡ ግን አንድ ነገር ቀረ፡፡ ሮደንባህ ቅይጥ እርሾውን በአካባቢው ላሉ ትናንሽ ጠማቂዎች ይሰጥ ነበር፤ ከእነሱም አንዱ ኤሰን በምትባል መንደር ያለው ደ ዶለ ነው፡፡ (የዚህኛውም ስም ትርጉሙ «እብዶቹ ጠማቂዎች» ነው፡፡ ኮምጣጣ ቢራና እብደት ምን እንዳገናኛቸው እንጃ!) ከሽያጩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እርሾ መስጠቱ ቆመ፡፡ ደ ዶለ ሌላ እርሾ ለመፈለግ ተገደደ፤ የዋናው ቢራው ጣዕምም ተለወጠ፡፡

ለጎረቤት እርሾ የምትሰጥ እናት ያሳደገችው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም፡፡ እርሾ ተሰጥቶ አያልቅም፤ የእናንተ ቢሞት ከሰጣችሁት ጎረቤት ትወስዳላችሁ፡፡ የንግድ ምስጢር ሲሆን ግን አንድ ቤት ብቻ ይቀራል፡፡ አንድ ቤት ደግሞ አንድ አደጋ ይበቃዋል፡፡

2016 እና እኛ

ታሪኩ እኛን የሚነካው በ2016 ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ፡፡ በዚያ ዓመት ባቫሪያ የተባለው የሆላንድ ቤተሰባዊ ኩባንያ በፓልም ውስጥ አብላጫውን ድርሻ ገዛ፤ ሮደንባህም አብሮ ተጠቃለለ፡፡ ይኸው ኩባንያ ያን ጊዜ የደብረ ብርሃኑ ሐበሻ ቢራም ዋና ባለድርሻ ነበር፡፡ ደብረ ብርሃንና ሩሰላረ ሳይተዋወቁ የአንድ አባት ልጆች ሆኑ ማለት ነው፡፡

በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ደግሞ የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮሚቴ ስብሰባውን ያደረገው አዲስ አበባ ነበር፡፡ የገዳ ሥርዓት በዓለም ቅርስነት የተመዘገበበት ስብሰባ ነው፤ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በዚያ ነው፡፡ የቤልጅየም የቢራ ባህልም የተመዘገበው በዚሁ ስብሰባ፣ በዚችው ከተማ ነው፡፡

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከመዝገቡ ጀርባ ያለው ነው፡፡ ሮደንባህን እስከዚያ ያደረሰው ወረቀት አልነበረም፡፡ ሁሉም ወደ ቶሎ ደራሹ ሲሮጥ ሁለት ዓመት ለመጠበቅ የተስማማ ሰው፣ በርሜል የሚጠግን እጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮምጣጣውን እየቀመሰ «ይሄ አልተበላሸም» የሚል ምላስ ነው ያደረሰው፡፡ አሮጌውንም እንደ ቅርስ ቆልፈው አላስቀመጡትም፤ በየዓመቱ ከወጣቱ ጋር እየቀላቀሉ አጠጡት እንጂ፡፡

እኛ ቤት ያለውን ታውቁታላችሁ፡፡ ጠላ የድግስና የበዓል እየሆነ፣ በከተማ ልጅ ዘንድ «የድሮ ሰው መጠጥ» ተብሎ ቀርቷል፡፡ የጌሾውን ልክ፣ የሚቆይበትን ቀን፣ መቼ እንደደረሰና መቼ እንዳለፈበት በምላሳቸው የሚያውቁት እናቶችና አያቶች ናቸው፤ አብዛኛው እውቀት የትም አልተጻፈም፡፡ ጠላን ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ አልልም፡፡ ግን በሚቀጥለው በዓል ማሰሮው ዘንድ ከተቀመጡት እናት ጎን ትንሽ ቁጭ ብላችሁ «መድረሱን በምን አወቁ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ፡፡