የአንጎል ሕመምን ምስጢር ለመፍታት ወጣት አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የሚማሩት አዲስ ሙያ

የሰው ልጅ አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። የእነዚህን ሕዋሳት አሠራር የሚመራው ዘረ መላዊ ጽሑፍ ደግሞ ሦስት ቢሊዮን በሚሆኑ ‘ፊደላት’ የተጻፈ ነው። ከስኪዞፍሬንያ፣ ከባይፖላር፣ ከሚጥል ወይም ከመርሳት በሽታ ጋር የሚያያዙ ጥቃቅን ልዩነቶችን ከዚህ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ለይቶ ማውጣት ዛሬ ከአንጎል ሳይንስ ዐበይት ሥራዎች አንዱ ሆኗል።

ለዚህ ሥራ አንጎልን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ሥነ ሕይወታዊ መረጃን በኮምፒውተርና በስታቲስቲክስ የሚተነትነው ባዮኢንፎርማቲክስ የተባለው ሙያም ያስፈልጋል። ይሁንና ከሕክምና ወይም ከሥነ ሕይወት ትምህርት ወደ አንጎል ምርምር ከሚገቡ ወጣቶች ብዙዎቹ ይህን ሙያ ሳይማሩ ይመረቃሉ። በአፍሪካ ባለፉት ዓመታት የተጀመሩ ሥልጠናዎች ሊሞሉት የሚሞክሩት ይህንን ክፍተት ነው።

ሚዛኑ የተዛባ መረጃ

እአአ በ2022 ‘ኔቸር’ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት 76,755 ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን እና 243,649 ሕመሙ የሌለባቸውን ሰዎች አነጻጽሮ፣ ከሕመሙ ጋር የሚያያዙ 287 የዘረ መል ሥፍራዎችን ለይቷል። ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ የአውሮፓ የዘር ሐረግ ያላቸው ነበሩ።

ችግሩ የዚህ ጥናት ብቻ አይደለም። እአአ በ2019 የታተመ አንድ ግምገማ እንዳመለከተው፣ በመሰል የዘረ መል ጥናቶች ከተካተቱ ሰዎች 78 በመቶ የሚሆኑት የአውሮፓ የዘር ሐረግ ያላቸው ሲሆኑ የአፍሪካውያን ድርሻ ሁለት በመቶ ገደማ ነበር። የሰው ልጅ መገኛ የሆነችው አፍሪካ ግን ከየትኛውም አህጉር የላቀ የዘረ መል ልዩነት የሚገኝባት ናት።

ይህ መዛባት በታካሚዎች ላይም መዘዝ አለው። የአንድን ሰው የተለያዩ የዘረ መል ልዩነቶች ደምረው ለሕመም ያለውን ተጋላጭነት የሚገምቱ ስሌቶች፣ በአውሮፓውያን መረጃ ተሠርተው ለአፍሪካውያን ሲውሉ ትክክለኛነታቸው እጅጉን ይቀንሳል። ወደፊት በእነዚህ ስሌቶች ላይ የሚመሠረት ሕክምና ቢመጣ፣ ለአህጉሪቱ ታካሚዎች የሚኖረው ጥቅም በዚያው መጠን ያንሳል ማለት ነው።

የተሻለ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ምሳሌ ግን አለ። እአአ በ2020 ይፋ የሆነ ጥናት በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 909 የኾሳ ተወላጆችን ሕመሙ ከሌለባቸው 917 ወገኖቻቸው ጋር አነጻጽሯል። በታማሚዎቹ ዘንድ ለነርቭ ሕዋሳት መገናኛ ወሳኝ የሆኑ ዘረ መሎችን የሚጎዱ ብርቅ ለውጦች በርክተው ተገኝተዋል።

ናሙና ሰብሳቢ ብቻ ላለመሆን

‘ኒውሮጋፕ-ሳይኮሲስ’ የተሰኘው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳ እና በደቡብ አፍሪካ ከ34 ሺህ ያላነሱ ሰዎችን ለማካተት ታቅዶ የተጀመረ ነው። ተሳታፊዎች የምራቅ ናሙና ሰጥተዋል፤ ቃለ መጠይቅም ተደርጎላቸዋል። ከጥናቱ አጋሮች መካከል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኡጋንዳው ማኬሬሬ፣ የኬንያው ሞይ እና የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ይገኙበታል።

ናሙና መሰብሰብ ግን የሥራው ጅማሮ ነው። ተንታኝ በሌለበት አገር የሚሰበሰብ ምራቅ ወደ ውጭ ተልኮ ውጤቱ በሌሎች እጅ ይጻፋል። የአገሬው ተመራማሪም በጥናቱ ጥያቄ ላይ ድምፅ ሳይኖረው ይቀራል። ስለዚህም ከጥናቱ ጎን ለጎን ‘ጂንጀር’ የተባለ የሥልጠና መርሐ ግብር ተቋቁሟል። መርሐ ግብሩ ከአሜሪካዎቹ የሃርቫርድ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት እና ብሮድ ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር፣ ከአራቱ አገራት የተውጣጡ ጀማሪ ተመራማሪዎችን በአእምሮ ሕመም ዘረ መል ጥናት አሠልጥኗል።

ከዚህ ቀደም ብሎ ‘ኤች-ስሪ-አፍሪካ’ በተባለው አህጉራዊ የጂኖም ፕሮጀክት ሥር የተዋቀረው የባዮኢንፎርማቲክስ መረብ ሌላ መላ ዘይዶ ነበር። ሠልጣኞችን ወደ አንድ አገር ከመጥራት ይልቅ በየተቋማቸው ክፍል ውስጥ ሰብስቦ፣ የተቀረጸ ትምህርት በረዳት መምህራን እየታገዙ እንዲከታተሉና ጥያቄያቸውን በበይነ መረብ እንዲያቀርቡ አደረገ። እአአ በ2016 የመጀመሪያው ኮርስ በ10 አገራት፣ በ20 ተቋማት 364 ተማሪዎችን አስመዝግቧል።

ምን ይማራሉ?

ሠልጣኞች ሊነክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት መሥራትን፣ እንደ ‘አር’ እና ‘ፓይተን’ ባሉ ቋንቋዎች ፕሮግራም መጻፍን፣ የመረጃን ጥራት መፈተሽን እና የብዙ ሺህ ሰዎችን ዘረ መል ማነጻጸርን ይማራሉ። ከዚህም አልፎ በየትኛው የአንጎል ሕዋስ ውስጥ የትኛው ዘረ መል ሥራ ላይ እንደሆነ የሚያሳዩ መረጃዎችን መተንተንን የሚያስተምሩ ኮርሶች አሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ምናልባት ሐሰተኛ ውጤትን መለየት ነው። ለአብነት በአንድ ጥናት ታማሚዎቹ በብዛት ከአንድ አካባቢ፣ ጤነኞቹ ደግሞ ከሌላ አካባቢ የመጡ ቢሆኑ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የሚታየው የዘረ መል ልዩነት ከሕመሙ ሳይሆን ከትውልድ ሐረግ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ይህን ስህተት የሚያርም የስታቲስቲክስ ዘዴ አለ። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ ብዙ ሕዝቦች በሚኖሩባቸው አገራት ግን የኅብረተሰቡን ታሪክ፣ ቋንቋና ፍልሰት የሚያውቅ ተንታኝ ችግሩን ገና ከናሙና አሰባሰቡ ሊገነዘበው ይችላል።

የሥነ ምግባር ትምህርትም የሥልጠናው አካል ነው። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ፈቃዱን ሲሰጥ ምን እንደተጠየቀ በሚገባ መረዳቱን ማረጋገጥ፣ ምስጢሩን መጠበቅ እና ውጤቱ ቤተሰቡን ለመገለል እንዳይዳርግ መጠንቀቅ የተመራማሪው ግዴታ ነው።

ከሥልጠናው በኋላ

የአንድ ሰው ሙሉ ጂኖም ጥሬ መረጃ በአሥሮች ጊጋባይት የሚቆጠር ቦታ ሊይዝ ይችላል። በመሆኑም የሠለጠነ ሰው ብቃት ያለው ኮምፒውተር፣ የማይቆራረጥ መብራትና ፈጣን ኢንተርኔት ካላገኘ ሙያው ሥራ ይፈታል። ቋሚ የምርምር የሥራ መደብ ካላገኘም ዕውቀቱን ይዞ ወደ ውጭ ሊሄድ ይችላል።

ሥልጠናው የሚመዘነውም በተሰጠው የምስክር ወረቀት ብዛት ሳይሆን ሠልጣኞቹ በአገራቸው የራሳቸውን ጥያቄ አንሥተው፣ መረጃውን ራሳቸው ተንትነው፣ በተራቸው ሌሎችን ማስተማር ሲችሉ ነው።