ማሞ ወልዴን ለወርቅ ያበቃው ከፍታው ነው?

ወልድያ የምትኖሩ ከሆነ፣ የምትተነፍሱት አየር ከሜክሲኮ ሲቲው ብዙም አይለይም። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ 2,240 ሜትር ላይ። ወደ መርሳና ወደ ሐብሩ ቆላ ስትወርዱ ግን የአየሩ ግፊት እየጨመረ ይሄዳል።

ይሄ ከሩጫ ጋር ምን አገናኘው? ኦክስጅን ከአየር ውስጥ ያለው ድርሻ ደጋም ሆነ ቆላ ያው 21 በመቶ ነው። ከፍ ስንል የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ በሚጠጋ ያንሳል፤ ሳንባም በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሎምፒክ የተካሄደው እዚያ ነበር። በ10,000 ሜትር የክብረ ወሰን ባለቤቱ አውስትራሊያዊ ሮን ክላርክ ስድስተኛ ወጥቶ እመጨረሻው መስመር ላይ ራሱን ሳተ። አንደኛ የወጣው ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ነው፤ የኛው ማሞ ወልዴ በ0.6 ሰከንድ ተቀድሞ ብር አገኘ። ከሳምንት በኋላ በማራቶን አበበ ቢቂላ በጉዳት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ማሞ ግን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛውን ጃፓናዊ የቀደመው ከ3 ደቂቃ በላይ ነው።

«ከፍታው ነው የረዳቸው» ያሉ ብዙ ነበሩ። ረድቷል፤ እሱን መካድ አይቻልም። ግን ነገሩን እንደ ሙከራ እንየው፦ ከፍታውን ብናነሳበት ማሞ ምን ይሆናል?

መልሱ መዝገብ ላይ አለ። የክብር ዘበኛው ወጣት እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። ሁለቱም ከተሞች ባሕር ዳር ናቸው። በ1972 ደግሞ 520 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ጨርሶ ነሐስ ወሰደ። ከሜክሲኮው ድሉ 5 ደቂቃ የፈጠነ ሰዓት ነው!

አያችሁ? ደጋ ላይ መኖር ብቻ ቢበቃ ኖሮ ወልድያ ሙሉዋን ሻምፒዮን በሆነች። ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ ያለው ልዩነት የ12 ዓመት ልምምድ ነው።

የማሞ መጨረሻ ግን ከባድ ነበር። በደርግ ዘመን ከተፈጸመ ግድያ ጋር በተያያዘ ተከሶ፣ ወንጀሉን እንደካደ፣ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ። የተፈረደበት ስድስት ዓመት ስለነበር በ2002 መጀመሪያ ተፈታ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር አረፈ። «አበበን የተካው ሯጭ» እየተባለ ብቻ ሲነሳ ብትሰሙ፣ የሙኒኩን ሰዓት ንገሯቸው።