ሐኪሙ ያልጠየቀው፦ የዳላስ ጥናትና የፀረ ድብርት መድኃኒቶች ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1987 ማብቂያ ፍሉኦክሰቲን በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ ከቀደሙት መድኃኒቶች ይልቅ ለታካሚ የሚቀል ተብሎ ተወደሰ። በወሲብ ሕይወት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ለዓመታት እንደ ጥቂት ሰዎች ችግር ታየ። ምክንያቱ በ1997 ከስፔን በወጣ ጥናት ተገለጠ፤ ከ344 ታካሚዎች ችግሩን በራሳቸው ያነሱት 14 ከመቶ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ሲጠየቁ ያመኑት ግን 58 ከመቶ ደረሱ።

ብዙዎች ችግሩን ሙሉ በሙሉ ለሆርሞን ይሰጡታል። በእርግጥ ሴሮቶኒን ሲጨምር ፕሮላክቲን ከፍ ሊል ይችላል፤ እጅግ የበዛ ፕሮላክቲን ደግሞ አንጎል ለመራቢያ ዕጢዎች የሚልከውን ትእዛዝ በማዳከም ቴስቶስትሮንንና ኢስትሮጂንን ይቀንሳል። በአብዛኞቹ ታካሚዎች ግን ጭማሪው አነስተኛ ነው፤ ሴሮቶኒን ራሱ በአንጎልና በነርቮች ላይ የሚሠራው ሥራ የበለጠውን ድርሻ ይይዛል። ድብርቱም ብቻውን ፍላጎትን ያጠፋል። ስለዚህ የሆርሞን ምርመራው ጤናማ ሆኖ መገኘቱ የታካሚውን አቤቱታ ሐሰት አያደርገውም።

በዚህ ታሪክ ዳላስ ልዩ ስፍራ አላት። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን የሕክምና ማዕከል ጆን ረሽና ማዱካር ትሪቬዲ የመሩት፣ በብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ገንዘብ የተካሄደው ስታር ዲ የተሰኘ ጥናት ከ4,000 በላይ ታካሚዎችን በሲታሎፕራም ጀመረ። ከድብርት ነፃ የሆኑት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ደረጃ ሲታሎፕራምን ትተው ወደ ቡፕሮፒዮን፣ ወደ ሰርትራሊን ወይም ወደ ቬንላፋክሲን የተሻገሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በእኩል መጠን ተሻላቸው፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ።

የዚህ ውጤት ትርጉም ከቁጥሩ ይሰፋል። መድኃኒቶቹ በፈዋሽነት ካልተበላለጡ፣ ምርጫውን ሊወስን የሚገባው ታካሚው የሚሸከመው ጫና ነው። ከሦስቱ መካከል በዶፓሚን ላይ የሚሠራው ቡፕሮፒዮን ወሲብን የሚያውከው በጣም ያነሰ ነው። ይህን ምርጫ ማድረግ የሚቻለው ግን ችግሩ ሲነገር ብቻ ነው።

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ ለሚኖረው ሰፊ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። ድብርትን መናገር በራሱ ከባድ በሆነበት ባህል፣ የአልጋን ነገር ለሐኪም፣ ያውም ዘመድ እያስተረጎመ፣ ማንሳት እንደ ነውር ይቆጠራል። ዝም ያለ ሰው መድኃኒቱን በገዛ ራሱ ያቋርጣል፤ ድንገት ማቋረጥ ደግሞ የራሱ ሕመም አለው፤ ድብርቱም ይመለሳል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ሙያዊ አስተርጓሚ፣ በአማርኛ የተጻፈ መጠይቅ፣ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት የሚነሳ አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ። የስፔኑ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል።