ስም፣ ጥላና ፊት፦ ስለ አንድ ልብ ወለድና ስለ ሁለት ፊልሞቹ



በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውቃለሁ።

የምንወደው መጽሐፍ ፊልም በሆነ ጊዜ አይተነው ቅር የሚለን ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ «መጽሐፍ መጽሐፍ ነው፣ ፊልምም ፊልም ነው፤ ሁለቱን ማወዳደር ስሕተት ነው» ይባላል። መልሱ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ጥያቄውን ይዘጋዋል እንጂ አይፈታውም። ለታሪክ አጥኚ ቅሬታ ራሱ ማስረጃ ነው። አንባቢ «ይህ የማውቀው ታሪክ አይደለም» ብሎ ሲቃወም መጽሐፉ ለእርሱ ምን እንደ ነበረ እየመሰከረ ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህን ምስክርነት በአንድ ጉዳይ ላይ ይመረምራል፤ ይኸውም አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ግዊን የጻፏቸው የኧርዝሲ መጻሕፍትና ከእነርሱ የተቀዱት ሁለት ፊልሞች ናቸው። ላስረዳ የምሞክረውም አንድ ነገር ነው፦ ጊዜ የማይሽረው ቅሬታ የሚወለደው ፊልሙ ከመጽሐፉ ስለ ቀነሰ ወይም ስለ ጨመረ ሳይሆን ታሪኩ የቆመበትን ሕግ ስላፈረሰ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ደራሲዋ። ለ ግዊን በ1929 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አልፍሬድ ክሮበር የታወቁ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ፣ እናታቸው ቴዎዶራ ክሮበርም ደራሲ ነበሩ። እናታቸው በ1961 ያሳተሙት መጽሐፍ ኢሺ ስለሚባል ሰው የሚተርክ ነው። ኢሺ ወገኖቹ የሆኑት ያሂዎች አልቀው ብቻውን ከቀረ በኋላ በ1911 በሰሜን ካሊፎርኒያ ተገኘ፤ በ1916 እስኪሞት ድረስም የገዛ ስሙን ለማንም አልነገረም። «ኢሺ» በቋንቋው «ሰው» ማለት ነው፤ መጠሪያ አድርገው የሰጡት ክሮበር ናቸው። ለ ግዊን ይህን ሰው በአካል አላወቁትም፤ የተወለዱት እርሱ ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ሆኖም ስሙን ሳይናገር የሞተ ሰው ታሪክ በቤታቸው የሚታወቅ ታሪክ ነበር። ከዚህ ተነሥቼ የመጻሕፍቱ ምንጭ ይህ ነው አልልም፤ ስም ቀላል ነገር እንዳልሆነ በሚያውቅ ቤት ማደጋቸውን ግን ልብ እንበል።

«የኧርዝሲው አስማተኛ» በ1968 ታተመ። «የአቱዋን መቃብሮች» በ1971፣ «እጅግ ሩቁ ዳርቻ» በ1972 ተከተሉት። ታሪኩ የሚፈጸመው በባሕር ላይ በተበተኑ ደሴቶች ዓለም ነው። ጌድ የሚባል የፍየል እረኛ የአስማት ጥበብ ይማራል፤ በትዕቢት ተነሣሥቶ ሙታንን ለመጥራት ይሞክራል፤ በዚያም ጊዜ አንድ ጥላ ይለቀቅበታል። ከጥላው ይሸሻል፤ ኋላም ፊቱን መልሶ ራሱ ያሳድደዋል።

ይህ ዓለም በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው ስም ነው። እያንዳንዱ ሰውና ፍጥረት እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ በእርሱ ላይ ሥልጣን ያገኛል። ስለዚህ ሰው በአደባባይ የሚጠራበት ሌላ ስም ይኖረዋል፤ እውነተኛውን የሚገልጸው ሕይወቱን አደራ ለሚሰጠው ወዳጅ ብቻ ነው። ባለታሪኩ በአደባባይ «ጭልፊት» ይባላል፤ እውነተኛ ስሙ ጌድ ነው። ለዚህ አዳራሽ ታዳሚ ይህ ሕግ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በእኛም አገር የክርስትና ስም ከዓለም ስም ተለይቶ ይያዛል፤ በብራና በሚጻፍ ክታብ ውስጥ የሚገባውም የባለቤቱ የክርስትና ስም ነው። ተመሳሳይነቱን የማነሣው አንዱ ከሌላው ተቀዳ ለማለት ሳይሆን የሕጉን ክብደት ለማስታወስ ነው።

ሁለተኛው ጥላው ነው። ጌድ በዓለም ዳር ከጥላው ጋር ሲገናኝ በሰይፍ አይወጋውም፤ በስሙ ይጠራዋል። የጥላው ስም የራሱ የጌድ ስም ነው። ክፋቱ ከውጭ የመጣ ጠላት ሳይሆን የገዛ ራሱ ክፍል ስለ ነበር ድሉ መግደል ሳይሆን «ይህ እኔ ነኝ» ማለት ሆነ።

ሦስተኛው ፊት ነው። ጌድ መዳብ የመሰለ ጠይም ነው፤ የልብ ወዳጁ ጥቁር ነው፤ ከምሥራቅ መጥተው የሚወሩት ካርጎች ነጮች ናቸው። በ1968 በእንግሊዝኛ በሚጻፍ የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ይህ ያልተለመደ ነበር። ደራሲዋ ጉዳዩን በአዋጅ አልጀመሩትም፤ አንባቢው ባለታሪኩን ከወደደ በኋላ የቆዳውን ቀለም ቀስ ብሎ እንዲረዳ አደረጉ። አንባቢው ነጭ ከሆነ ራሱን በሌላው ፊት ውስጥ ያገኘዋል፤ ጠይም ከሆነ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀግናው እርሱን መስሎ ይታየዋል።

እንግዲህ ወደ ፊልሞቹ እንለፍ። ለ ግዊን ፊልምን የሚንቁ ወይም ከመጽሐፋቸው ቃል እንዳይነካ የሚሹ ሰው አልነበሩም። ከእንግሊዛዊው ዳይሬክተር ከማይክል ፓወል ጋር ሆነው ሁለቱን የመጀመሪያ መጻሕፍት ለፊልም የሚሆን ጽሑፍ አድርገው አዘጋጅተው ነበር፤ ሥራው ሳይቀረጽ ቀረ። የራሳቸውን ታሪክ ለመቁረጥና ለማጠፍ ፈቃደኛ እንደ ነበሩ ይህ ይመሰክራል።

ከ2001 ጀምሮ «የቀለበቶቹ ጌታ» እና «ሃሪ ፖተር» በሲኒማ ቤቶች ታላቅ ገቢ ባስገኙ ጊዜ የምናብ ዓለም መጻሕፍት በፊልም ሠሪዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆኑ። ሳይፋይ ቻናል የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያም የኧርዝሲን ተከታታይ ፊልም በዲሴምበር 2004 አሳየ። ደራሲዋ በውሉ መሠረት አማካሪ ይባሉ ነበር። በዚያው ወር ስሌት በተባለው የኢንተርኔት መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ይህ ማዕረግ በተግባር ምንም ሥልጣን እንዳልነበረው ገለጹ። ይህን ነጥብ የታሪክ ተማሪ ሊያልፈው አይገባም። ቅሬታው የጥበብ ብቻ ሳይሆን የውልም ጉዳይ ነው፤ መብቱ ከተሸጠ በኋላ ስለ ታሪኩ የሚወስነው ደራሲው ሳይሆን ገንዘቡን ያወጣው ክፍል ነው።

በዚህ ፊልም ምን ተለወጠ? ጌድን የተጫወተው ነጭ ተዋናይ ነበር፤ ከዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት መካከል ለጥቁር ተዋናይ የተሰጠው የመምህሩ የኦጊዮን ሚና ነበር። ደራሲዋ የቀለሙ ምርጫ ከመጀመሪያው በዓላማ የተደረገ እንደ ነበር በዚያው ጽሑፍ አስረዱ። ስሞቹም ተገላበጡ፤ «ጌድ» የአደባባይ ስም፣ «ጭልፊት» እውነተኛ ስም ሆነ። ላላነበበ ተመልካች ይህ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ላነበበ ግን ሠሪዎቹ የዓለሙን የመጀመሪያ ሕግ እንዳልተረዱት የሚያሳይ ምልክት ነበር፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ጥላው የሚጠራበት ቃል በፊልሙ ገና ከመነሻው ማንም የሚያውቀው ተራ መጠሪያ ሆነና።

ፊትን በሚመለከት ሥዕል ከቃል የሚለይበትን አንድ ነገር ላንሣ። በአገራችን ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርኩ ለገጸ ባሕርያቱ ድምፅ ሰጧቸው፤ የሰብለ ወንጌልን ፊት ግን ለአድማጩ ተዉለት። ካሜራ ይህን ማድረግ አይችልም። ስለ ፊት ዝም ማለት ስለማይሆንለት የግድ ይመርጣል፤ የመረጠውም ፊት ካልተነበበው መጽሐፍ ቀድሞ በብዙዎች አእምሮ ይቀመጣል። «መጽሐፉ እንደ ሆነ በመደርደሪያው ላይ አለ» የሚለው መጽናኛ ስለዚህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። መጽሐፉ አለ፤ ጠይሙን ጀግና ገና ያላገኘው ልጅ ግን ነጩን ቀድሞ አየው።

ሁለተኛው ፊልም በጁላይ 2006 በጃፓን ወጣ። የሠራው ስቱዲዮ ጂብሊ ሲሆን ዳይሬክተሩ የታላቁ የአኒሜሽን ባለሙያ የሃያኦ ሚያዛኪ ልጅ ጎሮ ሚያዛኪ ነበሩ፤ ይህም የመጀመሪያ ፊልማቸው ነበር። ሃያኦ ከብዙ ዓመታት በፊት ፈቃድ ጠይቀው ሥራቸውን ገና የማያውቁት ደራሲ አልተቀበሏቸውም ነበር፤ ኋላ «ጎረቤቴ ቶቶሮ» የተባለውን ፊልም አይተው አሳባቸውን ለወጡ። ለ ግዊን ይጠብቁ የነበረውም የአባትየውን እጅ ነበር።

ይህ ፊልም ከመጀመሪያው በብዙ ይሻላል። ሆኖም ከሦስተኛውና ከአራተኛው መጽሐፍ የተውጣጣው ታሪክ ከሥሩ ተናውጧል። በመጽሐፉ ልዑል አሬን በአባቱ ተልኮ ወደ ጌድ ይመጣል፤ በፊልሙ ግን ገና ሲጀመር አባቱን ይገድላል። በመጽሐፉ ኮብ የሚባለው አስማተኛ በሕይወትና በሞት መካከል የከፈተውን ቀዳዳ ለመዝጋት ጌድ ጥበቡን ሁሉ ያፈስሳል፤ በፊልሙ ግን ክፋቱ በኮብ ላይ ተከማችቶ ኮብ ሲጠፋ ነገሩ ያበቃል። ለ ግዊን ለዳይሬክተሩ ፊልሙ የእርሳቸው መጽሐፍ ሳይሆን የእርሱ የዳይሬክተሩ ፊልም እንደሆነና ጥሩ ፊልም እንደሆነ በትሕትና ነገሩት። ኋላ በጻፉት ሰፋ ያለ አስተያየት ግን የሥዕሉን ውበት አመስግነው፣ ክፋት ሁሉ በአንድ ክፉ ሰው ላይ ተጭኖ በመግደል መፈታቱን ነቀፉ። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት የተጻፈው የጥላው ትምህርት በዚህ ተሻረ። አንዱ ፊልም ስምንና ፊትን፣ ሌላው ጥላን አጠፋ።

ከዚህ በመነሣት ቅሬታን በሦስት መክፈል እንችላለን። የመጀመሪያው የዝርዝር ቅሬታ ነው፤ የምንወደው ክፍል ተቆርጧል እንላለን። ይህ በጊዜ ይረሳል። ሁለተኛው የምናብ ቅሬታ ነው፤ ባለታሪኩ እኔ እንዳሰብሁት አይደለም እንላለን። ይህ የራሳችን እንጂ የመጽሐፉ ጉዳይ አይደለም። ሦስተኛው የሕግ ቅሬታ ነው፤ ታሪኩ የቆመበት ምሰሶ ተነቅሏል እንላለን። ሊመረመርና ሊረጋገጥ የሚችለው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ማስረጃው በመጽሐፉ ውስጥ ይገኛልና።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ደራሲዋ ራሳቸው ዓለማቸውን ለውጠው የለምን? እውነት ነው። በ1990 ባሳተሙት «ተሃኑ» ጌድ ጥበቡን ያጣ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ታሪኩም በአንዲት ባልቴትና በእሳት በተቃጠለች ልጅ ዙሪያ ይዞራል። በዚህም ቅር የተሰኙ አንባቢዎች ነበሩ። ነገር ግን «ተሃኑ» የስምን ሕግ አላፈረሰም፤ ጥበብ ለወንዶች ብቻ የሆነው ለምንድን ነው ብሎ ሕጉን ከውስጥ ጠየቀው። የጌድ ባዶ መሆንም በሦስተኛው መጽሐፍ የከፈለው ዋጋ ውጤት ነው። የሚጠይቅ ለውጥና የሚዘነጋ ለውጥ የተለያዩ ናቸው። የአንባቢ ቅሬታ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም ማለት ነው፤ ሁልጊዜ ግን ሊሰማ ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፤ ስለ አንድ ፊልም ቅር ስትሰኙ «መጽሐፉ ይሻላል» ብላችሁ አትለፉት። የተነቀለው ምሰሶ የትኛው ነው? ማን ነቀለው? በየትኛው ውል፣ በየትኛው ገበያ፣ ስለ ማን ፊት በያዘው የትኛው ልማድ? ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ ቅሬታችሁ ታሪክ ይሆናል። አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። መልአክ ያወጣውን ስም ሰው ቢገለብጠው የሚጠፋው ምን እንደሆነ ለመናገር ከጥንቁቅ አንባቢ የተሻለ ምስክር የለም።